ኦተም ጎልድ ጊንኮ ለግቢያችሁ፦ ስም የሌለው ዛፍ እንዳትገዙ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን የምጽፈው በተለይ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ አካባቢ ቤት ኖሯችሁ ግቢው ላይ ምን ዛፍ ልትከል እያላችሁ ለምታስቡ ነው። እኛ ቤት ፊት ለፊት አንድ ትልቅ አሽ ዛፍ ነበረ፣ ኤመራልድ አሽ ቦረር የሚባለው አረንጓዴ ጢንዚዛ በልቶ አደረቀውና ተቆረጠ፣ የዚህ ጢንዚዛ ነገር ሜሪላንድ ውስጥ በ2003 ከተገኘ ወዲህ ስንቱን ሰፈር ጥላ አሳጥቷል። በሱ ቦታ ጊንኮ ተከልን። ዝርያው ኦተም ጎልድ ይባላል፣ የገዛነው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ካለ አንድ የቤተሰብ ነርሰሪ፣ ማለትም ችግኝ መሸጫ ነው። አሁን ህዳር በመጣ ቁጥር ወርቅ የመሰለ ቢጫ ይሆንና መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ፎቶ ያነሳል፣ ከዛ "ከየት ገዛችሁት፣ ስንት ነው፣ ደግሞ ይሄ ዛፍ ይሸታል ሲሉ ሰምቻለሁ" የሚለው ጥያቄ ይከተላል፣ ስለዚህ ስለ ዛፉም ስለ ሱቁም የማውቀውን በሙሉ ላስቀምጥላችሁ።

ከሽታው ልጀምር ምክንያቱም ሰው ጊንኮ የሚፈራው በሱ ነው። ጥቅምት ላይ ዲሲ፣ ዱፖንት ሰርክል አካባቢ ባሉት ጎዳናዎች በእግሩ የሄደ ሰው ያውቀዋል፣ መሬት ላይ ቢጫ ትንንሽ ፍሬ የሚመስል ነገር ወድቆ ተረጋግጦ አፍንጫ የሚያስይዝ ሽታ ይሸታል። ያ ሽታ የሚመጣው በውስጡ ካለው ቡቲሪክ አሲድ ነው፣ የከረመና የተበላሸ ቅቤ ውስጥ ያለው ራሱ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ይሄን የሚያፈራው ሴቴዋ ዛፍ ብቻ ናት። ጊንኮ ወንዴና ሴቴው የተለያየ ዛፍ ነው፣ ኮሶ እንደዛው ነው፣ ሀገር ቤት ፓፓያ ተክላችሁ የምታውቁ ደግሞ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል፣ ወንዴ ፓፓያ ሆኖ ሲገኝ ስንቱ ሰው በንዴት ይቆርጠዋል፣ እዚህ ጋ ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ የምንፈልገው ወንዴውን ነው። የዲሲ ከተማ ሴቴዎቹን እንዳያፈሩ በየዓመቱ ጸደይ (ፈረንጆቹ ስፕሪንግ የሚሉት) መጀመሪያ ላይ መድሃኒት ይረጫል፣ ክሎርፕሮፋም የሚባል፣ መጋዘን ያለ ድንች እንዳያቆጠቁጥ የሚረጨው ማለት ነው። ከተማው እንደዛ የሚለፋው ድሮ ጾታቸው ሳይታወቅ የተተከሉ ዛፎች ስላሉ ነው። እኛ ግቢ ላይ ይሄን ጣጣ ገንዘብ ከፍለን የምናመጣበት ምንም ምክንያት የለም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ችግኙን አይቶ ወንዴ ነው ሴቴ ነው ማለት አይቻልም። ከዘር የበቀለ ጊንኮ አበባ ለማሳየት 20፣ 30 ዓመት ይፈጅበታል፣ አንዳንዱ ከዛም በላይ። ይሄን በአይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ቨርጂኒያ ቦይስ የምትባል ከተማ አጠገብ ብላንዲ የሚባል እርሻ አለ፣ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቦታና የስቴቱ አርቦሪተም (የዛፎች መናፈሻ) ነው፣ እዛ ከ300 በላይ ጊንኮ በሰልፍ ተተክሎ አለ። ታሪኩ ደስ ይላል፣ ኦርላንድ ዋይት የሚባል ሳይንቲስት በ1929 ከአንዲት የዩኒቨርሲቲው ግቢ ዛፍ ዘር አስለቅሞ ምን ያህሉ ወንዴ ምን ያህሉ ሴቴ እንደሚሆን ለማወቅ ብሎ ነው የጀመረው፣ መልሱ እስኪታወቅ ግን አስርተ ዓመታት አለፉ፣ ውጤቱም ግማሽ በግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ጥቅምት መጨረሻና ህዳር መጀመሪያ ላይ ሄዳችሁ ከዛፎቹ ስር ስትራመዱ ቢጫው ምንጣፍ ያምራል፣ የሴቴዎቹ ስር ስትደርሱ ደግሞ አፍንጫችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ከዘር የበቀለ ርካሽ ጊንኮ ስትገዙ የምትገዙት ይሄንኑ እጣ ነው።

ስለዚህ መግዛት ያለባችሁ ስም ያለውን ነው። ስም ስል ታጉ ላይ ጊንኮ ተብሎ ብቻ ሳይሆን ኦተም ጎልድ፣ ፕሪንስተን ሴንትሪ፣ ሳራቶጋ፣ ማጂያር የሚል የዝርያ ስም የተጻፈበትን ማለቴ ነው። እነዚህ ወንዴ መሆናቸው ከታወቀ ዛፍ ላይ ቅርንጫፍ ተቆርጦ በሌላ ችግኝ ላይ የተቀጠሉ ናቸው፣ ግራፍት የሚሉት ነው፣ ስለዚህ እዛ ላይ የሚያድገው ያው የመጀመሪያው ወንዴ ዛፍ ነው። አንድ ጓደኛዬ ኦንላይን "ወንዴ ጊንኮ" ተብሎ የተለጠፈ በርካሽ አዘዘች፣ የመጣላት እርሳስ የምታክል ቀጭን ችግኝ ናት፣ የተቀጠለችበት ምልክት የላትም፣ የዝርያ ስም የላትም፣ ስትጽፍላቸውም ወንዴ ነው እመኚን ነው መልሳቸው። ከዘር የበቀለ አንድ ክንድ የማይሞላ ችግኝ ወንዴ ነው ብሎ መማል የሚችል ሰው የለም። ገንዘቧን አልመለሱላትም፣ ይሄ በጣም ነው ያናደደኝ፣ ምክንያቱም ሰው ውሸቱን የሚያውቀው ልጁ ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ነርሰሪው ልምጣ። እዛ የሚሰሩ አንድ አባት አሉ፣ የኛ ሀገር ሰው ናቸው፣ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ጊንኮ ፈልጌ ነው ስላቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ዋጋ ስንት ታወጪያለሽ አይደለም፣ "ልጄ፣ ቦታሽ ምን ያህል ነው፣ ከቤቱ ምን ያህል ይርቃል፣ ላዩ ላይ የመብራት ገመድ አለ ወይ" ነው። ከዛ ወስደው አንድ ዛፍ ግንድ ስር ቁጭ አሉና "እዚህ ጋ ጣትሽን አድርጊ" አሉኝ። ከአፈሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ግንዱ ትንሽ ጎበጥ ይላል፣ ከጉብታው በታች ያለው ልጥ ሻካራ ነው፣ ከላይ ያለው ለስለስ ያለና ነጣ ያለ ነው፣ የተቀጠለበት እዛ ጋ ነው ማለት ነው። "ከዚህ በታች የሚወጣ ቅርንጫፍ ካለ ቶሎ ቁረጪው፣ እሱ የታችኛው ነው፣ ያንቺ አይደለም" አሉኝ። ይሄን የሚነግር ሻጭ ስንት አለ? ደግሞ ታጉን ፈተው የዝርያውን ስም ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ አደረጉ፣ ይሄን እናንተም በግድ ጠይቁ፣ ታግ በዝናብ ይጠፋል ደረሰኝ ግን ይቀራል።

ዋጋው እንዴት ነው ለምትሉ፣ እኛ የወሰድነው ባለ 7 ጋሎን ፖት ነው፣ ቁመቱ ከኔ ትንሽ በልጦ፣ 200 ዶላር አልሞላም። ስሩ ከነአፈሩ በጆንያ ተጠቅልሎ በሽቦ ታስሮ የሚሸጠው ትልቁ ደግሞ ከዛ ብዙ እጥፍ ይሄዳል፣ ክብደቱም በሰው ትከሻ የሚሆን አይደለም፣ ዴሊቨሪና መትከያ ሲጨመርበት ኪስ ይጎዳል። የኔ ምክር ትንሹን ግዙ ነው። ትልቁ ሲነቀል አብዛኛው ስሩ እርሻው ላይ ተቆርጦ ስለሚቀር ለዓመታት ፈዞ ይቆማል፣ ትንሹ ቶሎ ይለምድና ልዩነቱን እያጠበበ ይመጣል። ነርሰሪው ላይ ያለኝ ቅሬታ ዴሊቨሪያቸው ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ብለው ሰኞ ከሰዓት አመጡት፣ ሳይደውሉ፣ ዛፉም ክፍት መኪና ላይ ሳይሸፈን ነው የመጣው፣ የጫፍ ቅጠሎቹን ንፋስ አቃጥሏቸው ነበር። ስነግራቸው ግን ይቅርታ ብለው የዴሊቨሪውን መልሰዋል።

ኦተም ጎልድ ለምን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። ካሊፎርኒያ ሳራቶጋ ውስጥ በ1950ዎቹ የወጣ ዝርያ ነው፣ ሲያድግ ሰፋ ብሎ ቅርጹን ጠብቆ ነው፣ ከ40 እስከ 50 ፊት ቁመት፣ ወደ 30 ፊት ስፋት ይደርሳል፣ ቁመቱን በሜትር 12፣ 15 በሉት። ስለዚህ ከቤቱ ቢያንስ 15፣ 20 ፊት ራቅ ማለት አለበት፣ የመብራት ገመድ ስር ደግሞ በፍጹም። የወንድሜ ግቢ አሌክሳንድሪያ ነው፣ ጠባብ ነው፣ እሱ ፕሪንስተን ሴንትሪ ነው የተከለው፣ ኒው ጀርሲ የወጣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚሄድ ዝርያ፣ ድራይቭዌይ ዳር በጣም አሪፍ ነው፣ ጥላ ግን ብዙም አይሰጥም። ታውንሃውስ ላላችሁ፣ ኤች ኦ ኤ (የሰፈሩ ቤት ባለቤቶች ማህበር) ለሚቆጣጠራችሁ ደግሞ ማሪከን የሚባል አለ፣ ኔዘርላንድ የተገኘ ድንክ ነው፣ ከ10 ዓመት በኋላ እንኳ ወገብ ድረስ አይደርስም፣ ትልቅ ፖት ውስጥ ፓቲዮ ላይ ይቀመጣል፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሎ ነው የሚወጣው። ፖት ላይ ከሆነ ውሃ በደንብ የሚያሳልፍ አፈር ያስፈልገዋል፣ ስሩ ውሃ ላይ ከተኛ ይበሰብሳል።

አተካከሉ ላይ ትንሽ ልዘግይ ምክንያቱም ሰው ዛፍ የሚገድለው እዚህ ላይ ነው። ከመቆፈራችሁ በፊት 811 ደውሉ፣ በነጻ ነው፣ የጋዝና የመብራት መስመር የት እንደሚያልፍ መጥተው ቀለም ይቀቡላችኋል። ጉድጓዱ ከፖቱ ሁለት ሶስት እጥፍ ሰፊ ይሁን፣ ጥልቀቱ ግን ከስሩ አፈር ቁመት አይብለጥ። የኛን ከፖቱ ስናወጣው ስሮቹ የፖቱን ግድግዳ ተከትለው ዙሪያውን ተጠምጥመው ነበር፣ ባለቤቴ ዛፉ ስላሳዘነው አይነካ አለ፣ እኔ ግን በእጅ መጋዝ ዳር ዳሩን ከአራቱም ጎን ቆርጬ ፈታታሁት፣ ካልተቆረጠ ዙሪያውን እየዞረ አድጎ ኋላ ግንዱን ራሱን ያንቃል። ግንዱ ሰፋ ብሎ ወደ ስር የሚከፈልበት ቦታ ከአፈር በላይ መታየት አለበት፣ የተቀጠለበትም ጉብታ እንደዛው፣ ብዙ ጊዜ ፖቱ ውስጥ ራሱ በአፈር ተቀብሮ ስለሚመጣ በእጃችሁ ጠርጋችሁ ፈልጉት። ኮምፖስት ምናምን ጉድጓዱ ውስጥ አትጨምሩ፣ የወጣውን አፈር መልሱ፣ የሜሪላንድ ቀይ ሸክላ አፈር ቢሆንም ጊንኮ ይችለዋል፣ ውሃ የሚያቁር ቦታ ካልሆነ በቀር። ከላይ ማልች ወይም ጉዝጓዝ ሁለት ሶስት ኢንች ያህል አልብሱት፣ ግንዱን ግን አያስነኩት፣ ይሄ ሰፈሩን የሞላው ግንዱ ላይ እንደ ተራራ የተከመረ ማልች ልጡን አበስብሶ ዛፉን ይጨርሰዋል።

ውሃ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሶስት ዓመታት ዝናብ በሌለበት ሳምንት 10፣ 15 ጋሎን ቀስ ብሎ ይጠጣ፣ አረንጓዴው በዚፕ የሚታሰረው የውሃ ከረጢት ለዚህ ጥሩ ነው፣ ብርድ ሲመጣ ግን አንሱት። ከዛ በኋላ ድርቅ ይችላል፣ የመንገድ ጨው ይችላል፣ የመኪና ጭስ ይችላል፣ ለዛ ነው ከተሞች ጎዳና ላይ የሚተክሉት። ተባይ የለውም ብል ማጋነን አይሆንብኝም፣ ጎረቤታችን ያለውን ጽጌረዳ ጃፓን ቢትል የሚባለው ጢንዚዛ ወንፊት ሲያደርገው የኛ ጊንኮ ቅጠል ላይ ቀዳዳ አይታችሁ አታውቁም። አጋዘኖቹም ቅጠሉን ብዙ አይፈልጉትም፣ ወንዱ አጋዘን ግን መስከረምና ጥቅምት ላይ ቀንዱን የሚያሽበት ቀጭን ግንድ ይፈልጋል፣ ልጡን ልጦ ይሄዳል፣ ስለዚህ በፕላስቲክ ወይ በሽቦ ግንዱን ከልሉት።

ትዕግስት የሌለው ሰው ግን ይሄን ዛፍ አይግዛ። በመጀመሪያው ዓመት ምንም አላደገም፣ ምንም። ሚያዝያ ላይ ከቅርንጫፉ ላይ ካሉት ትንንሽ አጫጭር ጉብታዎች ቅጠሉን በጥቅል በጥቅል አወጣ፣ ከዛ ሌላው ሁሉ ዛፍ ሲመዘዝ እሱ እዛው ቆሞ ከረመ፣ ባለቤቴ ሞቷል መሰለኝ አለ። ነርሰሪ ደውዬ ጋሼን ስጠይቃቸው "በጥፍርሽ ትንሽ ፋቂው፣ አረንጓዴ ከሆነ ስር እየሰራ ነው፣ ተይው" አሉኝ፣ ፋቅኩት፣ ጥርት ያለ አረንጓዴ። ስሩ ከያዘ በኋላ በዓመት አንድ ፊት ገደማ ይጨምራል፣ ጥሩ ዓመት ሲሆን ከዛም ያልፋል። ልጅነቱ ላይ ደግሞ ቅርንጫፉ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሆኖ መልክ የለውም፣ መቀስ ይዛችሁ ልታስተካክሉት አትሞክሩ፣ ሲያድግ ራሱ ይሞላል።

ቢጫውን በተመለከተ ፎቶ አይገልጸውም ነው የምለው። ቅጠሉ የማራገቢያ ቅርጽ ያለው ነው፣ አንዱን አንስታችሁ ወደ ብርሃን ብታዩት መስመሮቹ ከእግሩ ተነስተው ሁለት ሁለት እየተከፈሉ ዳር ድረስ ይሄዳሉ፣ መሃል ላይ እንደሌሎች ቅጠሎች ትልቅ አውራ ጅማት የለውም። መጀመሪያ ዳሩ ነው ቢጫ የሚሆነው፣ ከዛ በሳምንት ውስጥ ሙሉው። እና ጠንከር ያለ ውርጭ የመታ ሌሊት ሲነጋ ቅጠሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ መውረድ ይጀምራል፣ ንፋስ የለም፣ ዝም ብሎ ይዘንባል፣ እስከ ከሰዓት ዛፉ ራቁቱን ይቀራል። ለሰነፍ ሰው የተሰራ ዛፍ ነው ምክንያቱም ሬክ የምታደርጉት አንዴ ብቻ ነው፣ የጎረቤት ኦክ እስከ ገና ድረስ ያራግፋል። እርጥብ ሲሆን እግረኛ መንገድ ላይ ስለሚያንሸራትት ግን ያኑ ቀን ጥረጉት፣ በተለይ አቅመ ደካማ ሰው የሚያልፍበት ከሆነ።

የማልወድለትን ልናገር። ይሄ ዛፍ ከቻይና የመጣ ነው፣ አሜሪካ የገባው በ1784 በፊላደልፊያ በኩል ነው፣ ስለዚህ እዚህ ያሉ አባጨጓሬዎች አይበሉትም፣ አባጨጓሬ ከሌለ ደግሞ ለወፍ ጫጩት ምግብ የለም። ተባይ የለውም ብለን የምናደንቀው ነገር ሌላኛው ጎኑ ይሄ ነው። ቦታ ላላችሁ ከጊንኮው ጋር አንድ የዚሁ ሀገር በቀል ዛፍ፣ ኦክ ወይ ሰርቪስቤሪ ጨምሩ፣ እኛ ጓሮ ላይ እንደዛ አድርገናል። ወንዴው ጸደይ ላይ የሚበን ዱቄት ስላለው አለርጂ ያለበት ሰው መኝታ ቤት መስኮት ስር ባይተከል ይሻላል።

ሌላ፣ እናቶቻችን ቅጠሉን አይተው "ለማስታወስ ያደርጋል ይባላል፣ ቀቅለን እንጠጣው" ይላሉ፣ እማዬም ብላኛለች። አይሆንም። ጥሬው ቅጠል ውስጥ ጎጂ አሲድ አለ፣ ፋርማሲ የሚሸጠው ክኒን ያንን አውጥተው የሚሰሩት ነው፣ እሱም ቢሆን ዕድሜያቸው 75 እና ከዛ በላይ የሆኑ ከ3,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ውጤቱ በ2008 ወጥቶ የመርሳት በሽታን አልከለከለም ነው ያለው። ደም የሚያቀጥን መድሃኒት፣ ዋርፋሪን ምናምን፣ ለሚወስዱ ደግሞ አደጋ አለው፣ ያለ ሐኪም አይነካ። የሴቴዋን ዘር ቻይናና ኮሪያ አብስለው ይበሉታል፣ ጥቅምት ላይ መንገድ ዳር ጓንት አድርገው የሚለቅሙ እናቶች አይታችሁ ይሆናል፣ ጓንቱ ያለ ምክንያት አይደለም፣ የላይኛው ሥጋ ቆዳ ያሳክካል። ዘሩም ቢሆን ሲበዛ መርዝ ነው፣ ህጻን ላይ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ ስለዚህ ልጆች ከመሬት አንስተው አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱ።

አዲስ አበባ ያለው ያክስቴ ልጅ ዘር ላኪልኝ ብሎኝ ነበር፣ አልላክሁለትም። ጊንኮ ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛበት እውነተኛ ብርድ ይፈልጋል፣ እዛ የለም፣ ዓመቱን ሙሉ ግራ ተጋብቶ ይኖራል። እዛ ዝግባ አለ፣ ወይራ አለ፣ ኮሶ አለ፣ እነሱን ትከል አልኩት፣ በተለይ ኮሶ ብርድ ላለበት እንደ እንጦጦ ላለ ቦታ ምን ወጥቶለት።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ለዛፉ ከ5 ሙሉ 5፣ ለነርሰሪው 4፣ አንዷ የተቀነሰችው በዴሊቨሪው ነው። የአንድ ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፣ ግን የሚቆጠረው ከገዛችሁበት ቀን ነው እንጂ ከተከላችሁበት አይደለም፣ ስለዚህ ገዝታችሁ ፖቱ ላይ አታክርሙት። በልግ ላይ፣ ማለትም ፈረንጆቹ ፎል በሚሉት ጊዜ፣ ዋጋ ይቀንሳሉ፣ አፈሩም ገና ሞቃት ስለሆነ ለመትከል ከሁሉም የሚመቸው ያ ወቅት ነው፣ ቅዳሜ ይጨናነቃሉ፣ በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱና ጋሼን ፈልጉ።